የሚያልበው ታንክ

ቮልሴ ላይ ጽጌረዳ ሊተከልባት መሆኑን የሰማሁት በግድግዳ ስንጥቅ ነው። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ ከተመረገ ዘመን ስላለፈው በየቦታው ተሰነጣጥቋል። እኔ ደግሞ በመላው ምሥራቅ ጎጃም ከእኔ የሚበልጥ ጆሮ ያለው ሰው እንዳለ ሰምቼ አላውቅም፤ ቢኖር እሰማ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ገና ማባራቱ ነው። ከወዲያኛው ክፍል እህቴ የብርጓል ለታላቅ ወንድማችን ለመሪጌታ ኪዳነ ማርያም በሹክሹክታ ታወራለች። «ሆቴሉ በር ላይ የሲሚንቶ መደብ ሠርተው ያስቀምጧታል። የፊት ኮፈኗን ያነሱና አፈር ይሞሉባታል፤ ከዚያ ጽጌረዳ። ዋጋውም ደህና ነው። በቆርቆሮ ሒሳብ ቢሆንማ ማን ይህን ያህል ይሰጣል?» ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። የቅኔ መምህር ነው፤ ፍርድ ሊሰጥ ሲል ሁሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ራሱ ባዘዘው በሰው ፊት የተናገረው ቃል ነው» አለ፤ ባዘዘው እኔ ነኝ። «ዛሬ ሮብ ገበያ ከወጣች ይያዛት። መንገድ ላይ ከቆመች ግን ነገ ጧት መጥተው ይውሰዷት።» ሰው አልሰማንም ብለው የሰው ዕቃ ተከፋፈሉ።

ቃሉን መናገሬ እውነት ነው። ትናንት በአባታችን በድሬሰር ውበቱ የሰባት ዓመት ተዝካር ዋዜማ ዘመድ ግቢውን ሞልቶ ሳለ፣ አንዱ የአጎት ልጅ የቮልሷን ጎማ በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ «ይህች አሁንም ትሄዳለች?» ቢለኝ ደሜ ፈላ። «ትሄዳለች ወይ? ነገ እናቴን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ሮብ ገበያ ካላወጣኋት የፈለጋችሁትን ዝሩባት!» አልኩ። ሰው ይህን የሚለው ሊጨበጨብለት ነው እንጂ እህቱ እንደ ውል እንድትይዝበት አይደለም። አባቴ የተቀበረው ከሮብ ገበያ ከፍ ብሎ ባለች የትውልድ ደብሩ ነው። እማዬ ለአርባውም ለዓመቱም የወጣችው በዚህችው መኪና ስለሆነ ለሰባት ዓመቱም በሌላ አልሄድም ብላለች። ወንድሜ ለዘመዱ ሚኒባስ ተከራይቶ አንድ ቦታ ባዶ አስቀምጦላት ነበር። ባዶውን ቦታ ያስቀመጠው እኔን እያየ ነው።

ስለ ቮልሷ ቀንሼ ልንገራችሁ፤ ሙሉውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። የሰባ አንድ ሞዴል ናት። ቀለሟ የሰማይ ነው፤ ክረምት የሌለበት ሰማይ። በደብረ ማርቆስ ከተማ ከአደባባዩ ቀጥሎ የምትታወቀው እሷ ናት፤ አንዳንዱ ሰው እንዲያውም አደባባዩን የሚያውቀው እሷ ስትዞረው አይቶ ነው። አባቴ መርፌና ኪኒኑን ጭኖ ጮቄ ሥር ያለውን ገጠር ሁሉ ያዳረሰባት ናት። ከእሱ በኋላ እኔ ያዝኳት። ፎቶ ቤት አለኝ። የሰው ስልክ ሁሉ ፎቶ አንሺ ከሆነ ወዲህ ፎቶ ቤቴ ውስጥ የሚገባው ብርድ ብቻ ነው፤ ሙሽሮች ግን ቮልሷን ተደግፈው መነሣት ይፈልጋሉ፣ እኔም የምበላው ከዚያ ነው። የማላጋነው ነገር ቢኖር ይህን ነው፤ እሷ ከሄደች ሥራም የለኝም፣ በከተማው ውስጥ ስሜን የሚጠራበት ምክንያት ያለው ሰውም የለም። በአምሳ ሦስት ዓመቴ እናቴ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል የምኖር፣ ወሬ የምወድ ሰው ነኝ። ያንን ደግሞ ከተማው ሞልቶታል።

ልብሴን ለባብሼ ስወጣ እማዬን ቮልሷ አጠገብ አገኘኋት። ቆብ ከደፋች ወዲህ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ነው የምትባለው። ጉልበቷን እያመማት ከመኝታዋ እስከ በሩ ለመድረስ ሦስቴ የምታርፍ ሴት፣ በዚያ ጭቃና ብርድ ግቢውን አቋርጣ መኪናዋን በአንድ እጇ ተደግፋ ቆማለች። በሌላው እጇ የሚካኤልን ጠበል የምታስቀምጥበትን የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛለች። ስታየኝ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

«እማዬ፣ በዚህ ብርድ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ለመንገዱ ነው» አለች። «ዳገት አይደል?»

የረጨቻት መሰለኝ። ሚካኤል በመጣ ቁጥር ጎማውን፣ መስታወቱን፣ መሪውን እየዞረች ስትረጭ ነው ያደግሁት። ቀኑም ግንቦት ሚካኤል ነው። ክንዷን ይዤ ወደ ቤት መለስኳት። በመንገዳችን ላይ አንዴ ቆም ብላ «አሁን ትድናለች» አለች፤ ጉልበቷን መስሎኝ «ይማርሽ» አልኳት።

ቮልሷ ታማ እንደነበር ግን አልዋሽም፤ ጠላቷ ደግሞ አዲሱ ነዳጅ ነው። ቤንዚኑ ላይ ከሸንኮራ ተረፈ ምርት የሚወጣ ኢታኖል መቀላቀል ከጀመሩ ወዲህ ማደያው ላይ ረጅም ሰልፍ ተሰልፌ የምቀዳላት ነገር ሆዷን ያውካታል። ለአዲሶቹ መኪናዎች ምንም አይደለም ይላሉ፤ ይሁን፣ እኔ ስለ አዲሶቹ አላወራሁም። የእሷ የጎማ ቱቦዎች የተሠሩት ኢታኖል ባልታሰበበት ዘመን ነው፤ እንደ ተኘከ ማስቲካ ለሰለሱ። የካርብሬተሯ ላስቲክ አብጦ አልዘጋ አለ። ከሁሉ የከፋው፣ ኢታኖሉ በሃምሳ ዓመት ታንኩ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የኖረውን ዝገትና አተላ ሁሉ እየፋቀ ወደ ፊልትሮው ነዳው። ሁለት ፊልትሮ ቀየርኩ፤ እህቴ ስትጠይቀኝ አንድ ነው አልኩ፤ ለሙሽሮቹ ስናገር ሰባት ነው አልኩ። ትናንትም ያንን የአጎት ልጅ ካፋጠጥኩት በኋላ ለተሰበሰበው ዘመድ ይህንኑ በሰፊው አስረዳሁ። ኢታኖል ምንድን ነው ቢሉኝ «አረቄ ነው፤ ካቲካላ! ይህችን ጨዋ መኪና በእርጅናዋ አረቄ እያጠጡ ሊገድሏት ነው!» ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። መሪጌታ ወንድሜ ከወንበሩ ሳይነሣ «እንግዲያስ ጠጪ ሆናለች በለና! የንስሐ አባት ይፈለግላት» አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እማዬ ብቻ አልሳቀችም፤ ቮልሷን ትክ ብላ አየቻት። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ሰው እየሳቀልኝ ነበር።

ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣን። እማዬን ፊት ወንበር ላይ በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት፤ የተዝካሩን ሕብስት በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ጠርሙሷን እግሯ ሥር አቆመች። ከኋላችን ሚኒባሱ ወንድሜንና እህቴን ከነዘመዱ ጭኖ፣ ከሚኒባሱ ኋላ ደግሞ መካኒኩ አስማማው በሞተር ሳይክሉ። አስማማው ጓደኛዬ ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ በከተማው የመጨረሻው ወሬኛ ነው፤ አባቴ በሕፃንነቱ ከሳንባ ምች ስላዳነው ከተዝካሩ አይቀርም። ቮልሷ በመጀመሪያው ሞተሪኖ ተነሣች። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ለየብርጓል እጄን አውለበለብኩላት። እሷም አውለበለበች፤ ሆቴሉን እያሰበች ይሁን እኔን አላውቅም።

ከተማውን ለቅቀን ባሕር ዛፉን እንዳለፍን ጠጠሩ መንገድ ጀመረ። ዝናቡ ያራሰው አፈር፣ ገና ለዘር የተገለበጠ የድንች መደብ፣ በላዩ ላይ የሚጎተት ጉም። እኔና እማዬ አናወራም። ከሰው ጋር ሲሆን ወሬ አያልቅብኝም፤ ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ስንሆን ግን አባቴ ከኋላ ወንበር ተኝቶ እንዳንቀሰቅሰው የምንጠነቀቅ ይመስል ዝም እንላለን። አንድ ጥምዝ ላይ ስንደርስ «እዚህ ጋ ማርሽ ይቀንስ ነበር» አለች። ቀነስኩ። ትንሽ ቆይታ «ከዚያ ግራር ሲደርስ ደግሞ ሰው አለ ብሎ ጥሩምባ ይነፋ ነበር» አለች። ግራሩ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ ነፋሁ። እንዲህ እያልን፣ አባቴ በሄደበት እየሄድን፣ መንገዱን አጋመስነው። በሆዴ ለነገው ወሬ አዘጋጅ ነበር፤ የዳገቱን ቁመት በእጥፍ አድርጌ፣ ጭቃውን እስከ መስኮት አድርሼ።

ከባዱ ዳገት ላይ ቮልሷን እንደ ሰው ትን አላት። አንዴ ተንገጫገጨች፣ ነዳጅ ብረግጥ ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ኋላ የምትጎተት መሰለች፤ ሳል፣ ደግሞ ሳል፣ ከዚያ ጸጥ። ፍሬን ይዤ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው ይዞራል፤ እሷ ግን አልቀበልም አለች። ደጋግሜ አዞርኩ። እማዬ ሕብስቱን በሁለት እጇ አቅፋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሚኒባሱ ከኋላችን ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ዘመድ በነጭ በነጩ ለብሶ ዳገቱ ላይ ፈሰሰ። ከሰባት ዓመት በፊት አባቴን ስንሸኝም ይህ ሁሉ ሰው እንዲህ ለብሶ ነበር።

አስማማው ሞተሩን አቁሞ ራስ ቁሩን እያወለቀ መጣ። «ምነው ባዜ፣ ሮብ ገበያ ደረስን እንዴ?»

«አፍህን ዝጋና እጅህን ክፈት» አልኩት።

ካንዴላውን ፈትቶ አሸተተው፤ ደረቅ አይደለም፣ የቤንዚን ሽታም የለውም። ግንባሩን ቋጠረ። ታንኩ ወዳለበት ወደ ፊት ሄዶ ቱቦውን ነቀለና «ባዶ ጠርሙስ አምጡልኝ፤ የሚያሳይ ይሁን» አለ። ዓይኑ እናቴ እግር ሥር ያለው ሃይላንድ ላይ አረፈ። «እማሆይ፣ ይህችን ልጠቀምባት? ባዶ ናት መሰለኝ።»

እማዬ ጎንበስ ብላ ጠርሙሱን አነሣችና ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «አይሆንም ልጄ። ጠበል ነበረበት።»

የሚኒባሱ ሾፌር ሌላ ጠርሙስ ሰጠው። አስማማው ከታንኩ የሚወርደውን በጠርሙሱ ተቀበለና ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። ዘመድ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ፈሳሹ ሁለት ሆኗል፤ ከላይ ቢጫው ቤንዚን በስሱ፣ ከታች ደግሞ የገረጣ፣ እንደ ቅራሪ የቀጠነ ሌላ ነገር፤ ያውም ብዙ። ነቅንቆ አቆመው። እንደገና ተለያየ። «ውኃ» አለ። «በደንብ ያለ ውኃ። ድሮ ቢሆን ውኃው ከቤንዚኑ ሥር ዝም ብሎ ይተኛል፤ ቡሎኑን ፈትተህ ታፈሰዋለህ፣ ትሄዳለህ። ይህ አዲሱ ግን አልኮሉ ውኃውን ያቅፈዋል። ሲበዛበት ደግሞ ሁለቱ ተቃቅፈው ይወርዱና ቱቦው አፍ ላይ ይቀመጣሉ። እሷ ከታች የሳበችው ይህንን ነው።»

«ይህን ለአንተ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አልኩት፤ በእንዲያ ያለ ሰዓትም አንዳንድ ነገር ካልተነገረ ይጠፋል።

«ማደያው ነዋ ውኃ የሸጠልህ!» አለች የብርጓል።

«ማደያው አይደለም» አላት አስማማው። «ከእሱ ኋላ ቆሜ ከዚያው ከአንዱ ቀድቻለሁ፤ ይኸው ሞተሬ ዳገቱን እንደ ፍየል ወጥታለች።»

«ታዲያ ውኃው ከየት መጣ?»

 የሰማሁት እናቴ የጠርሙሱን ፕላስቲክ ጭብጥ ስታደርገው የሚወጣውን ኮሽታ ነው። ዞሬ አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድነት መጣብኝ። ጠበል ነበረበት። ጧት ነጠላዋ ውስጥ ስትከተው ቀሎባት ነበር። ለመርጨት የሚበቃው ጥቂት ጠብታ ነው፤ ሙሉ ጠርሙስ የት ገባ? «አሁን ትድናለች» ያለችው ጉልበቷን አልነበረም። ትናንት እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መኪናዋ አረቄ ለመደች ብዬ ጮኽኩ፤ በእኛ አገር ደግሞ መጠጥ ያሸነፈውን ሰው የት እንደሚወስዱት ማንም ያውቃል። እናቴ የባሏን መኪና ጠበል ወሰደቻት። ቮልስ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ውኃ የሚጨመርበት ቦታ የላትም። ያላት አፍ አንድ ብቻ ነው፤ በዚያው አጠጣቻት።

ሌላም ነገር መጣብኝ። አባቴ ሕዳር ሚካኤልና ሰኔ ሚካኤል ባለፈ ማግስት፣ አንድ ዓመት ሳያስተጓጉል፣ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ የታንኩን ቡሎን ፈትቶ የታችኛውን ያፈስ ነበር። «ለምን?» ብዬ ብጠይቀው «ታንክ ያልበዋል። አንተም ስትይዛት ከሚካኤል ማግስት ማፍሰስ እንዳትረሳ» አለኝ። ለምን ከሚካኤል ማግስት እንደሆነ በዚህ ሁሉ ዘመን አልጠየቅሁም። እንዳለኝ አፈስ ነበር፤ ለሰውም «ይህን ምሥጢር የሚያውቅ በኢትዮጵያ ሁለት ሰው ነው» እያልኩ እኩራራ ነበር። ለካ እማዬ በየበዓሉ በጠርሙሱ ቡሽ እየለካች ታጠጣታለች፤ አባቴ ያውቃል፤ አውቆ ላብ ነው ይላል። ዛሬ ግን ዳገት ነው፣ በሽታው ጸንቷል ብላ ጠርሙሱን ሙሉ ሰጠቻት፤ ማግስቱን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የለም።

እውነቱን ብናገር ቮልሷ ትድን ነበር። የእናታችን ጠበል ያቆማትን መኪና የብርጓል እንኳ ደፍራ አትሸጥም። እማዬ አፏን ልትከፍት ስትል አየሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት፣ በባሏ ተዝካር ቀን፣ መኪናውን እኔ ገደልኩት ልትል ነው። ከዚያ በኋላ መቃብሩ ላይ ምን ብላ ልትቆም?

«እኔ ነኝ» አልኩ። እንዲህ ጮክ ብዬ መናገሬ ልማድ ስለሆነ ማንም አልተገረመም። «ትናንት ከማደያው መጥቼ ደረጃውን ሳየው ክዳኑን መግጠም ረሳሁ። ሌሊቱን ሲዘንብበት አደረ።»

አስማማው ቀና አለ። «ኧረ ባክህ! ማደያው ላይ ስታጠብቀው እኔው አይቼህ…» እግሩን ረገጥኩት። ሙሉ ክብደቴን፤ ክብደቴን ደግሞ አልቀንሰውም። አየኝ፣ እናቴን አየ፣ ጠርሙሱን አየ፤ ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ዋጠ።

«ክዳን ረሳህ?» አለ ወንድሜ። ድምፁ አልጨከነም፤ የደከመ ነበር፤ ያ ነው የባሰኝ። «ለዚህ ሁሉ ሰው ይህችን መኪና ከዓይኔ ብሌን ለይቼ አላያትም ስትል የኖርከው አንተ ነህ። ለአባትህ ቀን እንኳ ክዳን አትገጥምም?»

የብርጓል እጇን ዘረጋች። ቁልፉን ሰጠኋት። እማዬን ደግፈው ወደ ሚኒባሱ ወሰዷት፤ ሕብስቱን ሌላ ሰው ያዘላት፣ ጠርሙሱን ግን አለቀቀችም። በሩ ላይ ደርሳ ዞር ብላ አየችኝ። ያቺ ባዶ ሆና የተቀመጠች ወንበር በመጨረሻ ሰው አገኘች።

እኔ መኪናዋን ልጠብቅ ቀረሁ። የአባቴን የሰባት ዓመት ተዝካር ያሳለፍኩት እንግዲህ መንገድ ዳር፣ የቮልስ ደፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ጉሙ አንዴ ይሸፍነኛል፣ አንዴ ይገልጠኛል። ገብስ የጫነች በቅሎ እየነዱ ያለፉ አንድ ሽማግሌ «ሞተች?» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከእንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ አወጣ ነበር። «ደክሟት ነው አባቴ» አልኳቸው። «እኛስ?» ብለው አለፉ። ያ ቀን በእኔ ላይ የጣለው ነገር እንዲህ በቀላሉ አልለቀቀኝም፤ እስከ ዛሬ በደብረ ማርቆስ ክዳን ረስቶ ያደረ ሰው ነኝ። ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ማደያ ላይ ሲያዩኝ «ጋሼ ባዘዘው፣ ክዳኑን!» ይሉኛል። በሐሰት የተገኘ ዝና ብዙ ጊዜ ተሸክሜ አውቃለሁ፤ እንዲህ የከበደኝ ግን የለም። እናንተም ለየብርጓል እንዳትነግሩብኝ።

ሲመለሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነበር። ሚኒባሱ በገመድ ጎተተን። መሪ ይዤ፣ ሞተር በሌለው መኪና፣ ከወንድሜ ማጅራት ጀርባ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሞተር የሌለው ጉዞ ሁሉንም ያሰማል፤ የበሩን ኮሽታ፣ የወንበሩን ምንጭ፣ የራስን ትንፋሽ። ግቢ ገብተን ገመዱ ተፈታ። የብርጓል ወደ ጓዳ ገባች። ወንድሜ በቅጠል የተጠቀለለ ሕብስት እጄ ላይ አስቀመጠና «ድርሻህ ነው» ብሎ፣ ሌላም ነገር ሊጨምር አስቦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ተወው።

ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። ግድግዳው ላይ ቮልሷን ተደግፈው የተነሡ ሙሽሮች ሁሉ ያዩኛል፤ ስንቶቹ እንደተፋቱ አውቃለሁ፣ እሷ ግን በሁሉም ላይ ያው ናት። ነገ ጧት አፈር ይሞሉባታል። የሆቴሉ እንግዳ ቢራውን ይዞ ይደገፋታል። ጽጌረዳው ይጸድቅ እንደሆነ እንጃ፤ ብርዱ አይችለውም። ከውጭ የመኪና በር ተዘጋ። የቮልስ በር ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ ከሺህ በር እለየዋለሁ። ብድግ ብዬ ወጣሁ።

እማዬ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እንዴት ብቻዋን እንደገባች አላውቅም። በሩን ስከፍት «ግባ» አለች፤ በሾፌሩ በኩል ገብቼ ተቀመጥኩ። መሪውን ያዝኩ፤ ሌላ እጄን የማደርግበት ቦታ አልነበረኝም። ፊት ለፊታችን የእህቴ ዶሮዎች ወደ ቆጣቸው ይወጣሉ። 

«ለአባትህ ፍትሐቱ በደንብ ተደረገለት» አለች።

«ጥሩ ነው።»

«ብዙ ሰው ጠየቀህ። ባዘዘው የት አለ እያሉ።»

«ምን አልሻቸው?»

«መኪና ይጠብቃል አልኩ። እውነት አይደለም?» ነጠላዋን ሰበሰበች። «አረቄ ለመደች ስትል ጨነቀኝ። የጎረቤታችን የእነ የኔአለም ልጅ በሚካኤል ጠበል አይደል አረቄውን የተወው? ሰው የዳነበት ለእሷ ምን ይጎዳል አልኩ።»

 ውሸት ሲያልቅብኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። «ዝናብ ነው እማዬ» አልኩ። «ክዳኑን ረስቼ ነው። ደግሞ ዝናብ ባይሆንም ታንክ ያልበዋል።»

ዞር ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ዓይኗ ደክሞት ነበር፣ ግን የአፏ ጥግ ትንሽ ተንቀሳቀሰች።

«አባትህም እንዲሁ ይለኝ ነበር» አለች። «ታንክ ያልበዋል። አርባ ዓመት ሙሉ።»

የነጠላዋን ጫፍ አነሣች። ቋጠሮ ነበረበት። በማይታዘዙት ጣቶቿ ቀስ እያለች ፈታችው፤ ልረዳት እጄን ብሰድ መታ አደረገችኝ። ከውስጡ የቮልሷን ቁልፍ አውጥታ ሁለታችን መሃል፣ ማርሹ አጠገብ አስቀመጠችው። «የብርጓልን፣ የባሌ መኪና ናት አልኳት። በሕይወት ሳለሁ አበባ አይበቅልባትም። ነገ ከአስማማው ጋር ታንኩን አጥባችሁ ጨርሱት» አለች። ከዚያ በሩን ከፍታ አንድ እግሯን ካወጣች በኋላ እንደገና ዞር አለች።

«እኔም ከእንግዲህ ጎማዋን ብቻ ነው የምረጨው።»